የሰባተኛው ዓመት ሸንኮራ

ሚስቴ ከተማችን ማዶ ወዳለው ሠፈር፣ ወደ ራሞት፣ የሄደችው ሮኬት በሚተኮስብን ሰሞን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺህ አሥራ አራት በጋ ነበር። እኛ የምንኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባል ሠፈር፣ ድሮ በተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ቤታችን ማማድ የለውም። ማማድ የሚሉት ግድግዳው የተጠናከረ፣ ሳይረን ሲጮህ የሚገቡበት ክፍል ነው፤ አዲሶቹ ቤቶች ሁሉ አላቸው፣ የእኛ ዓይነቶቹ የላቸውም። ስለዚህ ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር ከጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ደረጃው እንወጣና ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። ሚስቴ እዚያ ስትቆም እጄን ትይዘኝ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ሰው ፊት እጄን የያዘችው ያኔ ነው።

ልጃችን ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ራሞት፣ ማማድ ያለው አዲስ ቤት ውስጥ ትኖራለች። በሦስተኛው ቀን በመኪናዋ መጣችና፣ «አባባ፣ እማማን ልወስዳት ነው፤ አንተም ና» አለችኝ። የተናገረችው በዕብራይስጥ ነው። በአማርኛ የምንነግራትን ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው።

«እኔ ሥራ አለኝ» አልኳት።

ሥራዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። በር እከፍታለሁ፣ ቧንቧ እጠግናለሁ፣ የተሰበረ ወንበር አነሳለሁ። ግን በበጋ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሚስቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች። የምቀረው ከቤት ጀርባ ለተከልኩት ሸንኮራ አገዳ ብዬ እንደሆነም ገብቷታል። ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥላ ወረደች። መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲያልቅ እመጣለሁ» አለችኝ።

ጦርነቱ አለቀ፤ እሷ ግን አልመጣችም። መጀመሪያ የትንሹ የልጅ ልጃችን ጆሮ ታመመ፤ ቀጥሎ ልጃችን የማታ ተረኛ ሆነች፤ ከዚያ የአዲስ ዓመት በዓል ደረሰ። አልተጣላንም። አንድም ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ተጣልተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀል ነበር፤ ሽማግሌ ልኬ አስታርቁኝ እል ነበር። ባልተጣሉት ነገር ማንን ይልኩበታል?

ስለ አገዳው ልናገር። ከሕንጻችን ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ ማንም የማይፈልገው ጠባብ መሬት አለ። ከየፎቁ የሚወርዱት የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦዎች በጋውን ሙሉ እዚያ ላይ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ይህን አይቼ ሐሙስ ሐሙስ ከሚቆመው የቤዱዊን ዐረቦች ገበያ አገዳ ገዛሁና፣ ሳልበላ በሦስት በሦስት አንጓ እየቆራረጥሁ ሁለት መስመር ተከልኩ። በቀለ። ቆርጠን በላነው፤ ከጉቶው እንደገና በቀለ። ጎረቤቶቻችን ለሁለተኛ ጊዜ ማደጉን ሲያዩ እንደ አዲስ የተከልኩት መሰላቸው።

ከጉቶ የሚበቅል አገዳ እንዴት እንደሚያዝ የተማርኩት በወጣትነቴ ነው። ቤተሰባችን ከጎንደር ወርዶ፣ ወደ እስራኤል የምንሄድበትን ቀን አዲስ አበባ ላይ ሲጠብቅ፣ እኔ እጄን አጣምሬ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎኝ አዋሽ ዳር ወዳለ አንድ የስኳር እርሻ ወረድኩ። ሁለት ዓመት ያህል ሠራሁ። የሰጡኝ ሥራ ግን መቁረጥ አልነበረም። ቆራጮቹ በብዙ ሆነው እየዘፈኑ ይገባሉ፤ ማሳውን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እኛ ጥቂቶቹ ሁሉም ከሄደ በኋላ እንገባለን። ከፍ ብሎ የተቆረጠውን ጉቶ ከአፈሩ እኩል እንላጫለን፤ ገለባውን ከጉቶው ላይ እናነሳለን፤ የሞተው ቦታ ላይ ሌላ እንተክላለን። ከእኔ በቀር ከአይሁድ ወገኖቼ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። ሰንበት ሲደርስ ሥራ አልገባም ስላቸው ታሟል ይሉኝ ነበር፤ ታሟል እንዲሉኝ ተውኳቸው። የዚያ ማሳ ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ትናንት ሰው ሲርመሰመስበት የዋለ ቦታ፣ ዛሬ ጉቶና ገለባ ብቻ።

አለቃችን የነበረው ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረን ነበር፤ «ከላይ ያለውን ዓይን አትመኑት።» ጉቶ ከፍ ብሎ ከተተወ ከላይኛው አንጓ ላይ ያለው ዓይን ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ያየው ሰው ደስ ይለዋል። ግን ያ ቡቃያ የራሱ ሥር የለውም፤ አሮጌው ጉቶ ላይ ተንጠልጥሎ ያድግና በመጀመሪያው ነፋስ ይገነጠላል። ዝቅ ተደርጎ የተላጨው ግን ቆይቶ ከመሬት ውስጥ ይወጣል፤ የራሱን ሥር ይሰዳል። ይህን ያወቀ ሰው ባዶ መሬት እያየ መታገሥ አለበት።

ያ በጋ አልፎ አዲሱ ዓመት ሲቃረብ፣ የጸሎት ቤታችን በር ላይ ስለ ሽሚታ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሽሚታ መሬት የሚያርፍበት ሰባተኛው ዓመት ነው። በኦሪት እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ግን እኔን የሚመለከት ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከጸሎት በኋላ ወደ ራቡ፣ ወደ ጸሎት ቤቱ መሪ፣ ቀረብ አልኩ። ወጣት ነው፤ እዚሁ የተወለደ የእኛው ልጅ፤ አማርኛ በግድ ይናገራል።

«አገዳ አለኝ» አልኩት፣ «ከቤት ጀርባ። ምን ላድርገው?»

«አባባ፣ አገዳ ዛፍ ነው ወይስ ሣር?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። እንደ ሣር ይመስላል፤ ቁመቱ ግን ከሰው ይበልጣል።»

«ስትቆርጠው ይሞታል?» ዕብራይስጥ ላይ አንተና እርስዎ የሚል ልዩነት ስለሌለ ሽማግሌውን ሁሉ አንተ ነው የሚለው፤ አልከፋኝም።

«አይሞትም። ከዚያው ከጉቶው ይበቅላል። እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አምስት ዓመትም ይቆያል።»

ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «እንደዚያ ከሆነ መቁረጡን ከበዓሉ በፊት ጨርስ። ከዚያ በኋላ አዲስ መትከል የለም። እንዳይሞት የምታደርገው ነገር ይፈቀዳል፤ እንዲወፍር፣ እንዲያምር የምታደርገው አይፈቀድም። የሚበቅለው ደግሞ ያንተ አይደለም፤ ሄፍኬር ነው። አጥሩን ክፈተው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ይውሰድ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ያስቸገረኝ የመጨረሻው አልነበረም። አገዳውን ለሰው መስጠት ደስታዬ ነው። ያስቸገረኝ ሌላው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ሥራ እንዲወፍር የሚደረገው ነው። መኮትኮቱ፣ ፍግ መጨመሩ፣ አፈር ማስታቀፉ፣ ባዶውን መሙላቱ። ከእነዚህ ውስጥ እንዳይሞት የሚያደርገው የትኛው እንደሆነ ማንም ለይቶ አልነገረኝም።

በዓሉ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ቆረጥነው። አማቼ መጋዝ ይዞ መጣ፣ ልጄና ልጆቿም አብረውት መጡ፤ ሚስቴ ለበዓሉ የምታዘጋጀው አለ ተብላ ቀረች። ጎረቤቶችም ወረዱ። ጫጫታ ሆነ፤ የተቆረጠውን እዚያው እየላጡ ማኘክ፣ በስልክ ፎቶ መነሳት። አማቼ ደግ ሰው ነው፤ ግን ወገቡን ማጠፍ አይወድም። ሁሉንም በጉልበቱ ልክ ነው የቆረጠው። በእንግዳ ፊት ምን ይባላል? ከአንድ ሰዓት በኋላ የመኪናው ኋላ በአገዳ ተሞላ፣ ልጆቹ ማቀዝቀዣ ያለበት ቦታ እንሂድ አሉ፣ ሄዱ።

በቀሩት ሦስት ቀናት ብቻዬን ጉቶ ላጨሁ። መጥረቢያዬን ስዬ፣ ተንበርክኬ፣ አንድ በአንድ ከአፈሩ እኩል አደረግኋቸው። በሁለተኛው ቀን የምድር ቤቷ ጎረቤታችን መስኮቷን ከፈተች። ከታሽከንት የመጣች ባልቴት ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔም እሷም ዕብራይስጣችን የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

«ጎረቤት፣ ሞተ?» አለችኝ ወደ ጉቶው እያመለከተች።

«አልሞተም።»

«እኔ ግን ሞቷል ነው የምለው።»

«ጥቂት ቀን ጠብቂ» አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ መስኮቱን ዘጋች።

በዓሉን ራሞት ዋልኩ። በዚያ ዓመት በዓሉ ከሰንበት ጋር ተያይዞ ሦስት ቀን ሆነ፤ ሦስት ሌሊት እዚያ አደርኩ። ሚስቴ ማማዱ ውስጥ ነው የምትተኛው፤ ለእኔም መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝ። እሷ የብረት መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋና ወዲያው ትተኛለች። ጤናማ፣ ከባድ እንቅልፍ። እኔ አየር ያጠረኝ ይመስለኛል። ቀን ቀን የልጅ ልጆቼ በዕብራይስጥ ሲያወሩ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ቢገባኝም ለመመለስ ቃል ስፈልግ ጨዋታው ሌላ ቦታ ደርሷል። ማንም አላስቀየመኝም። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው። ግን የምነካው ሥራ አልነበረም። ወንበር እንኳ አልተሰበረም።

ሰንበት ሲወጣ፣ «እንሂድ» ልላት በሩ ላይ ቆምኩ። እሷ ትንሹን ልጅ አቅፋ ነበር። «ሰኞ ደውልልኝ» አለችኝ። «እሺ» ብዬ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ወረድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉቶው ወጣ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አየሁት፤ ሐምራዊ ጫፍ ያለው፣ እንደ ጦር የሾለ ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ብሏል። በሳምንቱ ብዙ ሆነ። የታሽከንቷን ጎረቤቴን መስኮት አንኳኩቼ አሳየኋት። ብዙ አየችና፣ «ውሸታም አይደለህም» አለችኝ።

ቡቃያው ግን ቢጫ ነበር። ከጉቶ የሚወጣ አገዳ መጀመሪያ እንደዚያ ነው፤ ይርበዋል። በረንዳዬ ላይ ካለፈው ዓመት የተረፈ አንድ ጆንያ የፍየል ፍግ አለ። በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ። አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ ብጨምርለት ጥቁር አረንጓዴ ይሆን ነበር። ግን ቢጫ መሆን መሞት አይደለም። ፍጉን ትምህርት ቤት ወስጄ ለሽሚታው ሲባል በታሸገው የአትክልት ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከዓይኔ እንዲርቅ ብዬ ነው። ሙቀቱ ሲበርድ ደግሞ ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ የሚንጠባጠበው ውሃም ቆመ። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ከሦስተኛ ፎቅ በባልዲ ውሃ አወረድኩ። ይህ እንዳይሞት የሚያደርገው ነው ብዬ አመንኩ፤ በዚህ አልተጠራጠርኩም።

በባዶዎቹ ነው የወደቅኩት። ሰባት ጉቶ አልበቀለም። አማቼ ሲቆርጥ በመጋዙ የሰነጠቃቸው ናቸው። በእርሻው ቢሆን አለቃችን እነዚህን ባዶ ቦታዎች አይቶ በሳምንቱ ውስጥ አስሞልቶ ነበር፤ ከበረታው ጉቶ ከነሥሩ ገምሶ ባዶው ላይ መትከል፣ በቃ። ዓይኔ ከእነዚያ ሰባት ጉድጓዶች አልነሳ አለ። አንድ ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ማንም በሌለበት፣ አንዱን ጉቶ ገመስኩና ተከልኩት። አንድ ብቻ። አፈሩን በእግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ እጄን ታጠብኩ።

በማግሥቱ ሰንበት ነው፤ በሰንበት መኪና ስለማልሳፈር እንደ ልማዴ በእግሬ ወደ ራሞት ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ዳገቱ ላይ ከእኔ በቀር በእግሩ የሚሄድ ሰው አላጋጠመኝም። ስደርስ ሚስቴ ፊቴን አይታ፣ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ምንም አይደለም። ምን ሆነሃል?»

ነገርኳት። የእኛ የኦሪት ቄስ የልጅ ልጅ ናት፤ በእንዲህ ያለው ነገር አትስቅም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሰው አላየህም ብለህ ነው?»

«አንድ ብቻ ነው» አልኩ።

«ንቀለው።»

እሑድ ጠዋት ነቀልኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ከጎኑ ነጭ ሥር ጀምሮ ነበር፤ እንደ ክር የቀጠነ። ሥሩን ባላይ ይሻለኝ ነበር። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩትና ክዳኑን ዘጋሁ። ማታ ደወለች።

«ነቀልከው?»

«ነቀልኩት።»

«ጎበዝ» አለችና ስለ ልጆቹ ትንሽ ነገረችኝ፤ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ያንን «ጎበዝ» እያሰብኩ ነበር። ከእኔ ጋር ባትሆንም አሁንም የምታዘኝ መሆኑ ደስ አለኝ። ይህን ለሰው ቢነግሩት ያስቃል።

ክረምቱ ገባ። እዚህ ክረምት በታኅሣሥ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት አጥንት የሚሰብር ብርድ። የአገዳውን ደረቅ ቅጠል ቡቃያው ላይ አለበስኩለት፤ ይህም ለሕይወቱ ነው። ቤት ውስጥ ግን ማሞቂያውን የማበራው በአንዱ ክፍል ብቻ ሆነ። ሌላውን ክፍል ዘጋሁት። የሚስቴ ነጠላ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ለማጠብ እንኳ አላወረድኩትም። ምግብ ሠርቼ ስጨርስ የሁለት ሰው ሆኖ አገኘዋለሁ፤ እጄ ልክ አልማር አለ።

ሙቀቱ ሲመለስ ቅጠሉን ገፈፍኩለት። አገዳው አደገ፤ ቀጭን ነው፣ ሰባቱ ቦታ ክፍት ነው፣ ግን ቆመ። በበጋው መጨረሻ ላይ፣ ለመበላት ሲደርስ፣ የአጥሩን በር ከነማጠፊያው ነቅዬ አነሳሁት። ካርቶን ላይ በዕብራይስጥ «ሄፍኬር። የፈለገ ይውሰድ» ብዬ ጻፍኩ። የታሽከንቷ ጎረቤቴ ምን እንደሚል ጠየቀችኝና ከሥሩ በሩሲያኛ ጨመረችበት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። ከመስኮት ሆኜ እጠብቃለሁ። ሰው ያልፋል፣ ካርቶኑን ያነባል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ይሄዳል። ነጻ ነገር ያስፈራል መሰለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት የግንባታ ሠራተኞች ቆመው ተያዩና ገቡ፤ ሁለት ሁለት ዘንግ ይዘው ወጡ። በማግሥቱ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ከሌላ ሠፈር ድረስ መጡ። ከዚያ ወታደር ልጅ፣ ከዚያ ከነልጇ የመጣች እናት። ብዙዎቹን አላውቃቸውም። ወርጄ ላነጋግራቸው እልና፣ ባለቤት መስሎ መታየቱ እንዳይሆንብኝ ብዬ እቀመጣለሁ። የእኔ አይደለም ተብያለሁ።

ሁሉም ከፍ አድርገው ነበር የሚቆርጡት። ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ እወርድና ከኋላቸው ጉቶውን እላጫለሁ። ራቡን ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ይህ እንዳይሞት ነው ወይስ እንዲወፍር? አልጠየቅኩትም። የተሰነጠቀ ጉቶ እንደሚሞት እኔ ራሴ አይቻለሁ።

በአንዱ ማታ ጎረቤቴ በመስኮቷ አንድ ብርጭቆ አቀበለችኝ። ጥርሷ አገዳ ለማኘክ አይሆንም፤ ስለዚህ በስጋ መፍጫ ፈጭታ፣ በጨርቅ ጨምቃ፣ ሎሚ አድርጋበት ነበር። እሷ ከውስጥ እኔ ከውጭ ቆመን ጠጣን።

«ሚስትህ ሞተች እንዴ?» አለችኝ ድንገት።

«ኧረ አልሞተችም። ራሞት ናት።»

«ራሞት?» ቅንድቧን አነሳች። «ራሞት አውቶቡስ ይሄዳል።»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ነይ ብለሃታል?»

ብርጭቆውን መለስኩላት። አላልኳትም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል፤ በየሰንበቱ ተያይተናል፣ በየሰኞው ተደዋውለናል፣ «ነይ» የሚለው ቃል ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ራሷ እመጣለሁ ብላለች፤ ቃሏን እየጠበቅኩላት ነበር የመሰለኝ።

ያንንም ዓመት ሳልላት ቀረሁ። የሽሚታው ዓመት አልቆ ክረምቱ መጣ፤ ከጉቶው የወጣው የዚያን ጊዜ ቡቃያ እንደ ሣር የቀጠነ ነበር። ጉቶው በየዓመቱ ከፍ ከፍ እያለ ከአፈሩ ወጥቷል፤ ሥሩ ላይ ላዩን ሆኗል። እንዲህ ሲሆን አለቃችን፣ «አሁን አመስግናችሁ ንቀሉት» ይል ነበር። የሚነቀለው በፀደይ ነው፤ ከዚያ አዲስ ይተከላል። ብርዱ ሲያልፍ ዶማ ይዤ ወረድኩ፣ አንዱን ጉቶ ለመንቀል ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ወገቤን ያዝኩ። ወደ ቤት ወጥቼ ስልክ አነሳሁ። ማክሰኞ እንጂ ሰኞ ስላልነበረ ደንግጣ ነው ያነሳችው።

«ምን ሆንክ?»

«ጉቶውን ልነቅለው ነው። ብቻዬን አልቻልኩም። ነይ።»

«አሁን?» አለች።

«አሁን።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ በአውቶቡስ ደረሰች። ቤት አልገባችም፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በቀጥታ ወደ ጀርባ መጣች። እኔ በዶማ አፈሩን እፈነቅላለሁ፣ እሷ ጉቶውን ይዛ ትስባለች። ስድስት ሰባት ነቀልን። ልብሷ አፈር በአፈር ሆነ፤ ሳቀች። ሳቋን በስልክ ሰምቼዋለሁ፤ ፊት ለፊት ከሰማሁት ግን ቆይቷል።

ከዚያ መንገዱ ላይ ሞተር ሳይክል ተነሳ። ያ እንደ ሳይረኑ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ። ሚስቴ የያዘችውን ጉቶ ጥላ ሮጠች። ዞሬ ሳያት ከሕንጻው በር ገብታለች። ተከትያት ስገባ ደረጃው ላይ፣ ያኔ የምንቆምበት ቦታ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር።

«ሞተር ነው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሞተር እንደሆነ አውቃለሁ።» ዓይኗን ገለጠች። «ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። እዚህ ሁሉም ድምፅ እሱን ይመስለኛል። ራሞት ያንን ብረት ስዘጋው ብቻ ነው የምተኛው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች። «ልጆቹን ስል እሺ አልክ፤ በዓሉን ስል እሺ አልክ። እሺ ስትለኝ፣ ይሄ ሰውዬ ከአገዳው ጋር ደህና ነው አልኩ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እኔ የተመቻት መስሎኝ፣ እሷ የተመቸኝ መስሏት፣ እንዲሁ ቆየን። የታሽከንቷ ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችን፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ሰጥታን ገባች።

«እዚያ ና ብልህ ትመጣለህ?» አለችኝ ሚስቴ።

«ያንን ክፍል አልቻልኩትም» አልኳት፤ እውነቱን። «ግድግዳው ይጫነኛል።»

«እኔም ይሄን ደረጃ አልቻልኩትም።»

ወጥተን የቀረውን ነቀልን። ጥግ ላይ ከተከመረው ጉቶ መካከል እሷ ደህናውን መርጣ አንድ ፌስታል ውስጥ አደረገች፤ «እነ ልጃችን ግቢ ዳር እሞክረዋለሁ» አለች። አሮጌ መሆኑን፣ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን እንደሚሆን ነገርኳት። «ይሁን» አለች። እንዴት እንደምታለብሰው፣ እንዴት ከመሬት እኩል ቆርጣ እንደምትላጨው አሳየኋት። እጇን ይዤ ነው ያሳየኋት።

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት። ማክሰኞ ማክሰኞ ቀን ቀን እንደምትመጣ፣ ሳይመሽ እንደምትመለስ ተስማማን። ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ መጣች፤ ልጃችን ተረኛ በሆነችበት ሳምንት ትቀራለች፤ በኋላ በወር ሁለቴ ሆነ። እንደዚያው ነን። ሰው ሲጠይቀኝ ሚስቴ ራሞት ናት እላለሁ፤ ለምን እንደሆነም እነግረዋለሁ።

የዚያን ቀን አውቶቡሱ መጥቶ ሲከፈት፣ ፌስታሏን ታቅፋ ወጣችና መስኮት ዳር ተቀመጠች። እጇን አነሳችልኝ። እኔም አነሳሁላት። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሜ፣ ተመለስኩ። ከሐሙሱ ገበያ የገዛሁትን አዲስ አገዳ ከመምጣቷ በፊት ቆራርጬ በውሃ ነክሬው ነበር፤ ለመትከል ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦዩን ቀደድኩ፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አጋደምኩ፣ አፈሩን በእጄ መለስኩባቸው። ሰባቱም ባዶ ቦታዎች ተሸፈኑ። ከዚያ ባልዲውን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ውሃ ሞልቼ ወረድኩ፤ እንደገና ወጣሁ።